ማሳው አልተያዘም

አባቴ መኪናዋን የገዛት ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አስመራ ከሚመለስ አንድ ነጋዴ ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ጥሏት የሄዳት፣ ከዚያ ወዲህ በስንት እጅ እንዳለፈች የማይታወቅ፣ አመድማ ቀለም ያላት ትንሽ መኪና ናት። እኔ ያን ጊዜ ጎንደር ላይ አስተማሪ ሆኜ ገና ደሞዝ መብላት የጀመርሁ ጎረምሳ ነበርሁ። መንዳት የተማርሁትም እኔ ነኝ፤ አባቴ ከጎኔ ተቀምጦ «ወደ ቀኝ፣ ቀስ በል፣ ሰው አለ» ማለት ብቻ ነበር የሚፈልገው። ሥራው ነገረ ፈጅነት ስለነበር የሰው የርስት ክርክር ይዞ ከችሎት ችሎት ሲመላለስ ይውላል፤ ቤት ሲገባም ችሎቱን ይዞት ይገባል።

የመኪናዋ በሽታ አንድ ነበር። ሲያሻት ትነሣለች፣ ሲያሻት እምቢ ትላለች። ጨርሶ እምቢ ብትል ኖሮ በስንት ጣዕሙ፤ ወይ ትሠራ ወይ ትጣል ነበር። እሷ ግን ጠዋት ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሣውን ትንሹን ሞተር፣ ገና ስነካው ታገሣና ያንኑ ቀን ከሰዓት በኋላ «ቀጭ» ብላ ጸጥ ትላለች። ደግሜ ስነካው አሁንም «ቀጭ»። ወርጄ ክዳኗን ከፍቼ፣ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ አይቼ አይቼ፣ በንዴት ድርግም አድርጌ ስዘጋው ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ያን ጊዜ ነበር በእርግጫ ማለት የሚያምረኝ።

በቤታችን ሁሉም የየራሱ ምርመራ ነበረው። እናቴ የሰው ዓይን ነው አለች፤ በሰፈሩ መኪና ያለን እኛ ብቻ ነበርንና። እኔ ባትሪው ደክሞ ነው ብዬ አስሞላሁት፤ ተሞልቶ መጥቶም «ቀጭ» አለች። ብርዱ ነው እንዳንል በጠራራ ፀሐይ እምቢ ትላለች፤ ሙቀቱ ነው እንዳንል በሐምሌ ጠዋትም እምቢ ብላለች። አባቴ ደግሞ እኔን እንደ ምስክር አቁሞ ይጠይቀኝ ጀመር።

«ትናንት እምቢ ያለችህ የት ስትደርስ ነው? ከዚያ በፊት በየት በኩል ነበር የመጣህ? ክዳኑን ስትከፍተው ነው የተነሣች ወይስ ስትዘጋው?»

አሁን ሳስበው ጥያቄዎቹ ደህና ጥያቄዎች ነበሩ። ቁጭ ብዬ በትዕግሥት ብመልስለት ኖሮ፣ እምቢ የምትለው ኮረኮንች መንገድ ካንገጫገጫት በኋላ መሆኑን፣ ክዳኗ ድርግም ሲል ደግሞ አንድ የላላ ነገር ቦታው እንደሚመለስ ሁለታችንም እንደርስበት ነበር። እኔ ግን «አባባ፣ መኪና እኮ ቃል አትሰጥም» ብዬ ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። መሳቃችን ዛሬ ድረስ ያሳዝነኛል።

ደግሞም ጎንደር ራሷ ከምርመራው አዘናጋችን። ከተማው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ የእኛም ቤት ከአንድ ቁልቁለት አናት ላይ ነበር። የትም ስንሄድ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ ነው የማቆማት። እምቢ ያለች እንደሆነ ፍሬኑን ለቀቅ አደርጋለሁ፤ ትንሽ ተንደርድራ ማርሽ ሳስገባባት ትነሣለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ስንት ጊዜ አለፈ። ከግቢ እስክንወጣ ድረስ ችግር አለ እንላለን፤ አራዳ ስንደርስ እንረሳዋለን። ሜዳ አገር ብንኖር ኖሮ በሳምንቱ መካኒክ ፍለጋ እንሄድ ነበር።

አባቴ አንድ ታላቅ ወንድም ነበረው፤ እንፍራንዝ፣ ከአባታቸው ርስት ላይ የቀረ ገበሬ። አባቴ ከልጅነቱ ጀምሮ «አያ» እያለ ነው የሚጠራው፤ ስሙን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ሁለቱ የተጣሉት በአንዲት ማሳ ነው። ወንዝ ዳር ያለች፣ ሽንብራ የምታበቅል፣ ያን ያህል የማትሰፋ ማሳ ነበረች። አጎቴ ለብቻው ሲያርሳት ኖረ፤ አባቴ ድርሻዬን አለ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። አባቴ ሥራው ነውና ረታ። አጎቴ ከችሎት ሲወጣ «ከእንግዲህ ወንድም የለኝም» ብሎ በቅሎው ላይ ወጣ። አባቴ ያን ቀን ማታ እራት ቀርቦለት አልበላም። ከዚያ በኋላ ማሳዋን አንዱም አላረሳት፤ ሣር በቀለባት።

ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሰሞን የነፍስ አባታችን ቤታችን መጡና አባቴን ለብቻው አናገሩት። ወንድምህ ታሟል፣ እግሩ አብጧል፣ ክረምቱን አይሻገርም ይባላል፣ ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቀው አሉት። አባቴ «እሄዳለሁ» አለ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ለእናቴ «ማሳዋን እተውለታለሁ፣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ» ሲላት ሰማሁት። በማግሥቱ ልብሱን ሲለባብስ ያንጎራጉር ነበር። አባቴ ሲያንጎራጉር የሰማሁት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

የእንፍራንዝ መንገድ ግን ከአዘዞ ወዲያ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ የሚያንደረድር ቁልቁለት እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ መኪናዋን ከመሄዳችን በፊት ማስመርመር ግድ ሆነ። አውቶፓርኮ ሰፈር አንድ መካኒክ ነበር፤ አስመራ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ተምሮ የመጣ፣ ሞተር ሥር ተጋድሞ እንኳ ባርኔጣውን የማያወልቅ ጉረኛ። ጣሊያንኛ ሳይቀላቅል ውሃ አጠጡኝ ማለት አይሆንለትም። እጁ ግን ጥሩ ነው ይባል ስለነበር ቤት መጥቶ እንዲያያት ላክንበት። የመጣው እኔ ትምህርት ቤት፣ አባቴም ችሎት ላይ ሳለን ነው። የተቀበለችው እናቴ ናት።

ማታ እራት ላይ የሆነውን ሁሉ ነገረችን። መብራቱን አብርቶ ሞተሪኖውን ሲነካው መብራቱ ድክም ይላል፤ ሲለቀው ይመለሳል። አንዱን ሽቦ በእጁ ይዞ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ነካካና «ይሞቃል» አለ። ከዚያ ክዳኗን ዘግቶ እጁን ታጠበ።

«ለወዴት መንገድ ነው ማኪናዋን ያሰባችኋት?» ብሎ ጠየቃት።

«ለእንፍራንዝ» አለችው።

«አገሬ ነዋ! እትብቴ የተቀበረበት!» አለና ፊቱ በራ። ከዚያ እጁን በጨርቅ እያደረቀ እንዲህ አላት፦ «እንግዲህ እሜቴ፣ ነገሩ ሁሉ ከማሳው ነው። ማሳው በደንብ አልተያዘም። ማሳው ሳይያዝ እንፍራንዝ ድረስ እንዳይሄዱ ይበሉልኝ።» ሌላ ሥራ ስላጣደፈው ተመልሶ እንደሚመጣ ነግሯት ሄደ።

አባቴ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረው።

«እስቲ ድገሚው» አላት።

ደገመችለት። እናቴ የሰማችውን ቃል አንዲት ፊደል ሳትጨምር ሳትቀንስ የምታደርስ ሴት ነበረች፤ በዚህ ሰፈሩ ሁሉ ያመሰግናታል። አባቴ ደግሞ በወጣትነቱ ቅኔ ቤት የከረመ ሰው ነው። ሰሙን ሲያቀርቡለት ወርቁን ፍለጋ ይገባል፤ «እንዴት አደሩ» ያለው ሰው እንኳ ምን ማለቱ እንደሆነ መንገዱን ሁሉ ሲያሰላስል ይሄዳል። በዚያ ላይ ዕድሜውን የፈጀው በማሳ ክርክር ነው። ያን ምሽት ቃሉን እየሰነጠቀ ፈታልን። «ነገሩ ሁሉ» ማለት ክርክሩ ነው። «አልተያዘም» ማለት ፍርዱን አልተቀበልሁም፣ ማሳው ገና በእጅህ አልገባም ማለት ነው። «እንዳይሄዱ» ማለት እግርህ አገሬን እንዳይረግጥ ማለት ነው። ሰውየው የእንፍራንዝ ልጅ መሆኑን በገዛ አፉ ተናግሯል። እንግዲህ ማን እንደላከው ምን ምስክር ያሻዋል?

«እኔ እግሩ ላይ ልወድቅ ስነሣ እሱ በመካኒክ አፍ ይዝትብኛል» አለ። «ምነው አያ? ምነው?»

እናቴም አለቀሰች። እኔ ብልህ ሆኜ ሌላ ነገር ጠርጥሬ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ፤ አልጠረጠርሁም። እንዲያውም አጎቴ ላይ ከአባቴ ይልቅ የተናደድሁት እኔ ነበርሁ። መካኒኩ ሊመለስ ቢል በር እንዳይከፈትለት አባቴ ከለከለ። ጉዞው ቀረ፤ መኪናዋም እንደ ልማዷ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጋ ቆመች።

ሳምንታት አለፉ። አባቴ ማንጎራጎሩን ተወ። አንዳንድ ቀን ማለዳ ልብሱን ለባብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ መኪናዋ አጠገብ ቆም ይልና ተመልሶ ይገባል። መሄድ እንደሚፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያ ቃል አለ። የመጨረሻው ቃል በሰኔ መግቢያ ከእንፍራንዝ በመጣ የጨው ነጋዴ በኩል ደረሰን፤ አጎቴ ደክሟል፣ እህል አይቀምስም። አባቴ ያን ጊዜ ማሳውንም፣ ክብሩንም፣ መካኒኩንም ረሳና «አስነሣት» አለኝ።

ቁልቁለቱ አስነሣልን። አዘዞን፣ ፀዳን አልፈን ማክሰኝት ስንደርስ ገበያ ቆሟል። አባቴ ለበሽተኛ ባዶ እጄን አልገባም ብሎ ማር ሊገዛ ወረደ። «አጥፋት፣ ነዳጅ አትፍጅ» አለኝ። አጠፋኋት። ቦታው ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ያን ልብ ያልሁት ካጠፋኋት በኋላ ነው።

ማሩን ይዞ ሲመለስ ሞተሪኖውን ነካሁት። «ቀጭ» እንኳ አላለችም። መብራቱን ሞከርሁ፤ የለም። ጥሩምባውን ተጫንሁ፤ የለም። ገበያተኛው ግርር ብሎ መጥቶ ገፋልን፤ እስከ ገበያው ዳር ገፍተው መለሱን፤ ምንም። ክዳኗን ከፍቼ ድርግም አደረግሁ፣ ደግሜ ድርግም አደረግሁ፤ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «ተው ልጄ፣ ትሰብራታለህ» አሉኝ። አባቴ ማሩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መንገዱን እያየ ተቀመጠ። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ የጭነት መኪና አግኝተን የተሳፈርነው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

ልቅሶውን የሰማነው ከመኪናው እንደወረድን፣ ገና ከአውራ ጎዳናው ላይ ሳለን ነው። አባቴ ማሩን ለእኔ ሰጠኝና በእግሩ ሮጠ። በዕድሜው እንዲያ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። አጎቴ ያረፈው ከቀትር በኋላ፣ እኛ ማክሰኝት ሜዳ ላይ ስንገፋ ነበር።

የአጎቴ ሚስት አባቴን ባየችው ጊዜ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። አጠገቡ ተቀምጣ፣ ጉንጯን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «ይመጣል ይል ነበር» አለችው። «የማኪና ድምጥ በሰማ ቁጥር ቀና አድርጉኝ ይላል። እናቀናዋለን። ማኪናው ያልፋል። መልሱኝ ይላል። ፋሲካ ካለፈ ጀምሮ እንደዚሁ ነው የከረመው።»

አባቴ «ታዲያ ያን ቃል ምነው ላከብኝ?» አላት።

«የምን ቃል?»

የሞተ ባሏን ገመና ልትሸፍን ነው ብሎ እንደገመተ ከፊቱ አወቅሁት። ያን ገጽታውን ከችሎት አውቀዋለሁ፤ ምስክር የዋሸው ሲመስለው ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ መኪናዋ ወደ ቆመችበት ወደ ማክሰኝት ተመለስን። አባቴ «ያንኑ መካኒክ አምጣው፤ የምጠይቀው አለኝ» ብሎ ላከኝ። ጎንደር ሄጄ ይዤው ስመለስ አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር፤ እንደ ክርክር ቀን ተዘጋጅቶ፣ ከዘራውን በሁለት እጁ ይዞ። መካኒኩ ግን ለመጠየቅ ጊዜ አልሰጠውም። ክዳኗን ከፈተ፣ አጎነበሰ፣ ወዲያው ሳቁን ለቀቀው።

«ማሳው ተነቀለ! አላልሁም? ለእሜቴ ነግሬ፣ ደጃችሁ ድረስ ተመልሼ መጥቼ፣ በር የሚከፍትልኝ አጣሁ እኮ!»

አባቴ ተነሣ። «የምን ማሳ?»

«ይኸ!» አለና ከባትሪው የሚወጣ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦ አነሣ። ጫፉ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል። «ከባትሪ የሚወጣው አንዱ ወደ ሞተሪኖ ይሄዳል፣ ይኸኛው ከማኪናዋ ገላ ጋር ይታሰራል። ጣሊያን ማሳ ይለዋል። ብሎኑን ዝገት ላይ ነው ያሰሩት፤ ሲያሻው ይይዛል፣ መንገድ ሲያንገጫግጨው ይለቃል። በደንብ ያልተያዘ ማሳ ደግሞ ይሞቃል። ያን ቀን በእጄ ይዤው አቃጥሎኛል። ሳይያዝ ሩቅ አይሂዱ ያልሁት ለዚህ ነው።»

አባቴ ሽቦውን አየ፣ ሰውየውን አየ።

«የላከህ ማን ነው?» አለው። የተዘጋጀበት ጥያቄ ስለነበር ከአፉ ወጣ እንጂ ድምፅ አልነበረውም።

«ማን ይልከኛል ጌታዬ? ራሳችሁ አይደላችሁ የጠራችሁኝ?»

«ወንድሜ አይደለም?»

መካኒኩ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገና ወደ እኔ፣ መልሶም ወደ አባቴ አየ። «ወንድም አለዎት እንዴ?» አለ።

ከእንፍራንዝ በሕፃንነቱ ወጥቶ አስመራ ያደገ ሰው ነው። የትውልድ አገሩ ከመሆኗ በቀር እዚያ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። አባቴ መልሶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። መካኒኩ ዝገቱን በሞረድ ፍቆ፣ ብረቱ ብልጭ እስኪል ጠርጎ፣ ብሎኑን ጠበቅ አድርጎ አሰረው። ሥራው ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ እንኳ አልፈጀም። ሞተሪኖውን ነካሁት፤ ገና ከመንካቴ ተነሣች። እንደዚያ ቀን የሞተር ድምፅ ጠልቼ አላውቅም። አባቴ ቤት እስክንደርስ ድረስ ወደ ቀኝም ወደ ግራም አላለኝም።

እናቴ ደጅ ላይ ጠበቀችን። ካለቀስን በኋላ፣ ውሃ ከቀረበ በኋላ፣ «ምን ሆና ተገኘች?» ብላ ጠየቀች።

«አርጅታ ነው» አላት አባቴ።

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። «ነፍሱን ይማረውና፣ ያን ክፉ ቃል ባይልክብን ኖሮ ያን ጊዜውኑ ትሄዱ ነበር፤ በደህናው ቀን ትደርሱለት ነበር» አለች።

ልናገር ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ። ቃሉን ያደረሰችው እሷ መሆኗን፣ አንዲት ፊደል ሳትስት ማድረሷን ያን ጊዜ ነው ያሰብሁት። አባቴ እሷንም ሟች ወንድሙንም የሚያድን ቃል ፈለገ።

«አያ ምንም አልላከም» አላት።

«ታዲያ ማን ነው የላከው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «እኔ ነኝ የላክሁት።»

እናቴ ሐዘን ያናገረው መሰላት። «አይዞዎት፣ አረፍ ይበሉ» ብላ ጋቢውን ደረበችለትና እሳቱን ልታነድ ወደ ጓዳ ገባች።